የተቆላ ዘር

የጥጥ ዘር ከቆሉት ወይም የፈላ ውኃ ካፈሰሱበት አይበቅልም። ይህን የሰሜን ሞዛምቢክ ገበሬዎች በ1940ዎቹ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ኩባንያው ያደላቸውን ዘር ማታ ምድጃ ላይ ጥደው ያምሱታል፤ ሲነጋ ተቆጣጣሪው ቆሞ እያየ በመስመር በመስመር ይዘሩታል። ሦስት ሳምንት ቢጠበቅ መሬቱ ጭጭ ይላል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሽማግሌዎች ቀርበው "ይህ አፈር ለጥጥ አይሆንም" ብለው ያመለክታሉ። ተንኮሉ ከታወቀ የሚጠብቃቸው ግርፋት ነው። ካልታወቀ ግን ያ ዓመት የእነሱ ይሆናል፤ ማሽላቸውን አርመው፣ ቦሎቄያቸውን ለቅመው፣ ጎተራቸውን ሞልተው ይከርማሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥጥ ሙያ ነው። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ጥጥ ሳዘራ፣ ሳስኮተኩት፣ የጓይ ትል እንቁላል በቅጠል ላይ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ኋላም ለሥራ ወደ ሞዛምቢክ ሄጄ ናምፑላ በሚባለው የሰሜኑ ክፍለ ሀገር ከማኩዋ ገበሬዎች ጋር ዓመታት ተቀመጥኩ። ስለ ፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ሲጻፍ አብዛኛው ስለ ጦርነቱና ስለ ነጻነት ታጋዮቹ ነው፤ የሚገባቸውም ነው። እኔን እረፍት የነሳኝ ነገር ግን የሥራ ቀን ነው። አንዲት ገበሬ ሴት በዝናብ ወራት ስንት ቀን አላት? ያንን ቀን ማን ወሰደባት? በመወሰዱስ ልጆቿ ምን በሉ? የቅኝ አገዛዙን የኢኮኖሚ ታሪክ በዚህ በኩል ካላየነው ዋናው ነገር ያመልጠናል ብዬ አምናለሁ።

እኛ አገር ፖርቱጋል ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ነው፤ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ምጽዋ ላይ የወረደው። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ ወደ ሕንድ ሲያልፍ በ1498 ያረፈባት የሞዛምቢክ ደሴት ዛሬ የናምፑላ አካል ናት። ከዚያ በኋላ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ፖርቱጋሎች ከባሕሩ ዳርቻና ከዛምቤዚ ወንዝ ብዙም አልራቁም። ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነገዱ፤ በኋላም ሰው ነገዱ። የመሀል አገሩን ገበሬ በእርግጥ በእጃቸው ያስገቡት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሃያኛው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ይህ የምነግራችሁ ታሪክ የሩቅ ዘመን አይደለም። በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን አግኝቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከፖርቱጋል ፋብሪካዎች ነው። በሰሜን ፖርቱጋል፣ በፖርቶ ዙሪያና በአቬ ወንዝ ሸለቆ፣ ብዙ የክርና የጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። የሚፈትሉት ጥጥ ግን ከሌላ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር፤ ከቅኝ ግዛቶቹ የሚመጣው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በ1926 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት የወጣ ድንጋጌ የቅኝ ግዛቶቹን መሬት ለጥጥ ኩባንያዎች በክልል በክልል አከፋፈለ። አንድ ኩባንያ ክልል ከተሰጠው በዚያ ክልል የሚመረተውን ጥጥ ሁሉ የሚገዛው እሱ ብቻ ነው። መዳመጫ ማሽኑን ይተክላል፣ ዘር ያድላል። ማሳ ግን አያርስም፤ የሚያርሰው ገበሬው ነው። ድርቅ ቢመጣ፣ ትል ቢበላው፣ ኪሳራው የገበሬው ነው። በ1932 አንቶኒዮ ሳላዛር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1938 ደግሞ ጥጡን ሁሉ የሚመራ አንድ የመንግሥት ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከረረ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በሞዛምቢክ በግዴታ ጥጥ የሚያለማው ገበሬ ወደ 800,000 ተጠጋ። በ1950 የአገሩ ሕዝብ ከስድስት ሚሊዮን በታች ነበር፤ ከቤተሰብ ጋር ሲሰላ ስንቱን ቤት እንደነካ አስቡት።

ማስገደዱ በሕግ የተደገፈ ነበር። አብዛኛው አፍሪካዊ በሕግ ዓይን "አገሬ" ይባላል፤ ዜጋ አይደለም። ከዚህ መደብ ወጥቶ "አሲሚላዶ" ለመባል ፖርቱጋልኛ አቀላጥፎ መናገር፣ ገቢ ማሳየት፣ አኗኗሩ እንደ ፖርቱጋላዊ መሆኑን ማስመስከር ያስፈልጋል። በ1950 ቆጠራ በመላው ሞዛምቢክ ይህን ያገኙት 5,000 እንኳ አይሞሉም። የቀረው የጎጆ ግብር ይከፍላል፣ መታወቂያ ደብተር ይይዛል፣ ካለ ፈቃድ ከአውራጃው አይወጣም። በ1942 ጠቅላይ ገዢው ባወጣው ትእዛዝ ከ18 እስከ 55 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ "ሥራ እንዳለው" ማስረዳት ነበረበት። ሥራ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ወይም ጥጥ ነው። ማሽላ ማብቀልና ቤተሰብ ማብላት እንደ ሥራ አይቆጠርም። ማስረዳት ያልቻለ ሺባሎ ወደሚሉት የግዳጅ ሥራ ይነዳል፦ ወደ መንገድ፣ ወደ ሲሳል እርሻ፣ ወደ ጉሩዌ ሻይ፣ ወደ ዛምቤዚ ሸንኮራ። ብዙ ሰው ጥጥን የመረጠው ቢያንስ ቤቱ ያድራል ብሎ ነው።

ለባለ ትዳር ወንድ የተመደበው አንድ ሄክታር ነው፤ በሚስት ደግሞ ግማሽ ሄክታር ይጨመራል። ኩባንያው የሚቀጥረው ተቆጣጣሪ በብስክሌት ወይም በእግሩ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ከኋላው ሲፓዮ የሚባለው የአስተዳዳሪው ዘበኛ አለ፤ ከሱ ሥር ደግሞ የመንደሩ ሹም። ሹሙ ሰዎቹ ብዙ ጥጥ ካስገቡ ጉርሻ አለው፤ ካነሰ እሱም ይደበደባል። የቅጣቱ መሣሪያ ሁለት ነው። አንደኛው ከጉማሬ ቆዳ የተገመደ አለንጋ ነው። ሁለተኛው ፓልማቶሪያ ነው፤ እጀታ ያለው፣ ራሱ ክብና ወፍራም የሆነ፣ ፊቱ የተበሳሳ እንጨት። መዳፍን የሚመቱት በዚህ ነው። ቀዳዳው ሥጋውን እየሳበ ያቆስለዋል። ጥጥ የሚለቀመው በጣት ነው፤ የደረቀው የፍሬው ቅርፊት ጫፉ እሾህ ሆኖ ጤነኛ እጅን እንኳ ይቧጭራል። መዳፍ አብጦ እንዴት እንደሚለቀም የለቀመ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የናምፑላ ዝናብ የሚጀምረው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ነው፤ መጋቢት ሲያልቅ ይሳሳል። ጥጥ በመጀመሪያው ደህና ዝናብ መዘራት ይፈልጋል። ማሽላም ይፈልጋል፤ ቦሎቄና ኦቾሎኒም እንዲሁ። ከበቀለ በኋላ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአረም ከታነቀ አያገግምም። ማሽላም ለአረም የሚደርሰው ያንኑ ሳምንት ነው። ስለዚህ የገበሬው ጭንቀት መሬት አይደለም፤ ናምፑላ መሬት አለ። የሚጠፋው ቀን ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ እያንዳንዱ ቀን የሚመዘን ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ለጥጥ የተሰጠ ቀን ከምግብ ላይ የተወሰደ ቀን ነው። በሐምሌ የተረፈ ጊዜ ይህን አይክስም፤ ሐምሌ ላይ አይዘራም።

የዚያን ዘመን የጥጥ አመራረት መመሪያ ይዘት ሳጠና ያስገረመኝ አብዛኛው በሙያ በኩል ትክክል መሆኑ ነው። በጊዜ ዝሩ፤ ትክክል። ሦስትና አራት ጊዜ አርሙ፤ ትክክል። ከለቀማ በኋላ አገዳውን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ አለዚያ ትሉ ይከርማል፤ ይህም ትክክል። ከሌላ ሰብል ጋር አትቀላቅሉ የሚለውን ግን እኔ አልስማማበትም። የቀሩትን ምክሮች አንድ በአንድ ከመረመሯቸው ነውር የለባቸውም። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው በዚያው ሳምንት ሌላ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ግን አልነበረም። ባሎች ለሺባሎ ተነድተው ወይም ወደ ጎረቤቶቹ ወደ ታንጋኒካና ወደ ኒያሳላንድ ሸሽተው በቀሩበት ቤት ሙሉ ሄክታሩ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ልጅ ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እህል ትወቅጣለች፣ ጥጥ ትኮተኩታለች። ምርቱ አነስተኛ ሲሆን ባለሥልጣናቱ የጻፉት ምክንያት "ስንፍና" የሚል ነው። ቀኑን ቆጥሬ፣ ሰብሉን አውቄ እናገራለሁ፤ ይህ ሐሰት ነው።

የሙከራ ማሳችን አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ "ማማ" እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። የሚያስተረጉምልኝ የማኩዋ ልጅ ነው። ጥጥ ባለሙያ መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ ላይ ዝም አሉኝ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ካሳቫ እየላጡ ሳሉ ከጎናቸው ተቀምጬ ልጣጩን ስሰበስብ ነው መናገር የጀመሩት።

"ማሽላውን የምንዘራው በጨረቃ ነበር" አሉ። "ቀን ቀን ጥጥ ማሳ ላይ ካልታየን ይመጡብናል። እናቴ ዘሩን በነጠላዋ ቋጥራ ትወጣለች፤ እኔ መኮትኮቻውን ይዤ እከተላለሁ።"

"ማንም አላያችሁም?"

"ሹሙ ያውቃል። እሱም ልጆች አሉት።"

ጥቂት ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ጥጡ ውስጥ ካሳቫ ተተክሎ ሲያገኝ ይነቅለዋል፤ ስለዚህ እናታቸው ካሳቫውን የምትተክለው ከመንገድ በማይታየው ከማሳው መሀል ነበር። ይህን ሲነግሩኝ በእጃቸው መሬቱ ላይ ማሳውን ሳሉልኝ፤ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ጥጡ ቁመቱ የት ላይ ከፍ እንደሚል፣ ካሳቫው የት እንደሚደበቅ። እንደ እርሻ ባለሙያ ያየሁት ንድፍ ነበር፤ እናታቸው ብርሃኑንም፣ ርቀቱንም አስባበታለች።

ገበያው የሚቆመው ለቀማው ሲያልቅ፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው። ጥጥ ሲያዩት ብዙ ነው፣ ሲመዝኑት ግን ያሳፍራል፤ ጎበዝ ለቃሚ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እስኪመሽ ለቅሞ አርባ ኪሎ ቢያስገባ ደህና ነው። ያንን በጆንያና በቅርጫት ጠቅጥቀው በራሳቸው ተሸክመው ወደ ገበያው ይጓዛሉ፤ ሩቅ የሆነባቸው መንገድ ላይ ያድራሉ። እዚያ ሲደርሱ አንደኛ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ይለያል። የሚለየው ገዥው ነው፤ ሚዛኑን የሚያነበው ገዥው ነው፤ ዋጋውን የተመነው መንግሥት ነው፣ ያውም ከዓለም ገበያ በታች። ገበሬው ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችል መከላከል የሚችለው በጆንያው ብቻ ነው፤ ከሥሩ አሸዋ ወይም ድንጋይ የሚጨምሩ ነበሩ። በዚያው ሜዳ ላይ ግብር ሰብሳቢው ጠረጴዛ ዘርግቷል፤ አጠገቡ ነጋዴዎቹ ጨው፣ ሳሙናና ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ሴቶቹ ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት የካፑላና ጨርቅ ከፖርቱጋል ፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥጡን በኪሎ ሸጠው ጨርቁን በክንድ ይገዛሉ፤ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የአቬ ሸለቆን ፋብሪካዎች በእግራቸው አቆማቸው። በእነዚያ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ፖርቱጋላውያን ሴቶችም ደመወዛቸው በአውሮፓ ከዝቅተኞቹ መሀል እንደነበረ መዘንጋት የለበትም።

ደቡቡ ሌላ ታሪክ አለው፤ በአጭሩ ልለፈው። ከ22 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ በታች ያሉ ወንዶች በየዓመቱ በአሥር ሺህዎች እየሆኑ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ይወርዱ ነበር። ከደመወዛቸው ከፊሉ አገራቸው ሲመለሱ እንዲከፈላቸው ይያዛል። ደቡብ አፍሪካ ይህንን ለፖርቱጋል መንግሥት በወርቅ፣ በይፋዊው ዋጋ ታስረክባለች፤ ሠራተኛው ግን በወረቀት ገንዘብ ይቀበላል። የወርቁ ትርፍ ለሊዝበን ነው። በሳዎ ቶሜ ደሴት ኮኮዋ ላይ፣ በአንጎላ ቡናና ጥጥ ላይም እንዲሁ የሰው ጉልበት ነበር መሠረቱ። ሄንሪክ ጋልቫዎ የተባለ የቅኝ ግዛቶች ዋና ተቆጣጣሪ በ1947 ስለ አንጎላ ያቀረበው ሪፖርት በጣም ከባድ ስለነበር መንግሥት ደበቀው፤ ሰውየውም ኋላ ታሰረ። እሱ ራሱ የአገዛዙ ሰው ነበር።

ወደ ካሳቫው እመለሳለሁ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ካሳቫ ከብራዚል በፖርቱጋሎች የመጣ ሰብል ነው፤ በባሕሩ ዳርቻ ከጥጡ በፊትም ነበር። በጥጥ ዘመን ግን ወደ መሀል አገር ዘልቆ ማሽላን ከብዙ ማሳ አስወጣው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሳቫ ግንዱን ቆርጠህ በፈለግህበት ጊዜ ትተክለዋለህ፤ ብዙ አረም አይፈልግም፤ ወፍ ጠብቁልኝ አይልም፤ ሲደርስ ካልነቀልከው መሬት ውስጥ ይቆይልሃል። ቀን ለተወሰደበት ሰው ከዚህ የተሻለ ሰብል የለም። ጉዳቱ ሁለት ነው። ስታርች እንጂ ፕሮቲን እምብዛም የለውም። በተለይ መራራው ዓይነት ደግሞ ሳያናይድ የሚፈጥር ንጥረ ነገር አለበት። ማማ ሲያዘጋጁት አይቻለሁ፤ ልጠው፣ ሰንጥቀው፣ ጣሪያ ላይ አስጥተው ሳምንታት ያደርቁታል፤ ከዚያ ወቅጠው ዱቄቱን ካራካታ የሚሉትን ገንፎ ያገነፉታል። በደህና ዓመት መርዙ በዚህ ይወጣል። ረሀብ ሲመጣ ግን ሳምንት የሚጠብቅ የለም።

በ1981 በናምፑላ ድርቅ ነበር። በሜምባና በአካባቢው ያለ ሰው ሌላ እህል ስለጠፋበት መራራውን ካሳቫ በቅጡ ሳያደርቅ በላ። ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች፣ በድንገት እግራቸው ገተረ፤ ቆመው መሄድ አቃታቸው። አገሬው ማንታካሳ ይለዋል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በክፉ ቀን ጓያ ብቻ እየበላ እግሩ የተያዘ ሰው ያላየ የወሎና የጎንደር ገጠር የለም። መርዙ የተለያየ ነው፤ ሁለቱም ግን የሚመጡት አማራጭ ያጣ ማዕድ ላይ ነው። ያንን ድርቅ ጥጥ አላመጣውም። ዳሩ ግን ድርቁ ሲመጣ በጎተራው ማሽላ የሌለው፣ ቦሎቄ የሌለው፣ መራራ ካሳቫ ብቻ የቀረው ማዕድ በአንድ ዓመት የተፈጠረ አልነበረም። ሁለት ትውልድ ፈጅቷል።

ሕዝቡ ዝም ብሎ አልተገዛም። በ1947 ቤይራ አጠገብ በቡዚ ሴቶች ተሰባስበው ዘሩን አንቀበልም አሉ፤ አስተዳዳሪው ተገዶ እርጉዞችንና ከአራት በላይ ልጅ ያላቸውን ከጥጥ ነጻ አደረገ። የቤይራው ጳጳስ ሶዋሬስ ደ ሬዘንደ፣ ራሳቸው ፖርቱጋላዊ ሆነው፣ ጥጥ ረሀብ እያስከተለ መሆኑን ጽፈዋል። በሰሜን፣ በማኮንዴ አምባ፣ ላዛሮ ካቫንዳሜ የጥጥ ገበሬዎችን በማኅበር አደራጀ፤ ሰኔ 16 ቀን 1960 ሙዌዳ ላይ አቤት ለማለት በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኮሱ። የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መተኮሱ አያከራክርም። በጥር 1961 በአንጎላ በባይሻ ደ ካሳንጄ የጥጥ ገበሬዎች ዘሩን አቃጠሉ፣ መሣሪያቸውን ጣሉ፤ የተላከባቸው አውሮፕላን ነበር። በዚያው ዓመት ጋና በግዳጅ ሥራ ጉዳይ ፖርቱጋልን በዓለም የሥራ ድርጅት ከሰሰች። የግዴታ ጥጥና የ"አገሬ" ሕግ የቀሩት በ1961 ነው። የሞዛምቢክ የነጻነት ጦርነት የመጀመሪያ ጥይት በ1964 ካቦ ዴልጋዶ ውስጥ ተተኮሰ፤ ነጻነት በሰኔ 1975 መጣ።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎችን ሞከረ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ አገሩን አነደደው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የክልል ስምምነቱ ተመለሰ፤ ኩባንያ ዘርና መድኃኒት በብድር ይሰጣል፣ ከክልሉ ጥጥ ይገዛል፣ መነሻ ዋጋው በመንግሥት ይነገራል። አለንጋ የለም፣ የሚገደድ የለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አቅልዬ አላየውም። ግን ሻጭ ብዙ፣ ገዢ አንድ የሆነበት ገበያ ለገበሬው አያደላም። በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ሚዛንና ስለ ደረጃ ነበር፤ ማን ነው የሚለየው፣ እኛስ ማየት እንችላለን?

ኋላ ኋላ ብዙዎቹ ወደ ሰሊጥ ዞሩ። ሰሊጥ ብዙ ገዢ አለው፤ ነጋዴው ዋጋ ካልጨመረ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይመጣል። ጥጡን ያልተዉት ደግሞ ዝናቡ ሲጥል መጀመሪያ በቆሎና ማሽላቸውን ይዘራሉ፣ ጥጡ ተራውን ይጠብቃል። የሥራ ባልደረቦቼ መዘግየቱ ምርት ይቀንሳል ብለው ያማርሩ ነበር፤ እውነት ነው፣ ይቀንሳል። በሪፖርቴ የጻፍኩት ግን የምግቡ ሰብል ይቅደም፣ እኛ ደግሞ ዘግይቶ ተዘርቶ ቶሎ የሚደርስ የጥጥ ዝርያ እንፈልግላቸው የሚል ነው። ዛሬም የሚጠይቀኝ ካለ የምመክረው ይህንኑ ነው።